የሦስት ዲናር ማስታወቂያ

ማናማ፣ ጉዳይቢያ፣ ከስልክ ጠጋኙ ጎን፣
ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ደጅ ሲሆን፣
ያ ነው የጋሽ ሙዘይን ሱቅ፤ አንድ የስፌት መኪና፣
አንድ ስንጥቅ መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ ገና
እግሩ ያልተጠገነ።

«ስንዱ» አለኝ አንድ ዓርብ፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ጥሎ፣
«ያ ከማዶ ያለው ሰፊ፣ ባለካሜራ ቀጥሮ ውሎ
ቀሚሱን ካስቀረጸ ወዲህ ሰልፈኛ ደጁን ሞልቷል፤
የእኔ ጥልፍ ከእሱ ጥልፍ በየትኛው ዳኛ ተረትቷል?»
ከዚያ መሳቢያውን ስቦ፣ ከአዝራርና ከክር መሐል፣
ሦስት ዲናር አወጣና «በዚህ ዓለም ይስማን» ይላል።

ዓለም በሦስት ዲናር!
ሳምንቱ የእመቤቴ ነው፣ ዓርብ ብቻ ነው የራሴ፤
ስልኬም የልጇ ውራጅ ነው፣ ተሰንጥቆ የገባ ኪሴ።
ሒሳቡን ካርቶን ላይ ጻፍኩ፦ አንድ ዲናር የኢንተርኔት፣
ግማሽ ለአንዲት ነጭ አምፖል፣
ግማሽ የዘምዘም አውቶብስ፣ ከሪፋ ለምትመጣበት፤
የተረፈችዋን አንዷን ሸጎጥኳት ከጨርቁ ሥር፤
ድሃ ሲፎክርም እንኳ ለመመለሻ ያስቀር።

በሳምንቱ ተገናኘን።
የምግብ መጠቅለያውን፣ ያንን ብርማ ወረቀት፣
ካርቶን ላይ ለጠፍኩና ከግድግዳው አስደገፍኩት፤
ስልኬን በምስር ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን በጡብ አቆምኩት፤
ማቀዝቀዣው ሲያጓራብኝ ድምፁን ጠልቼ አጠፋሁት።
ሐምሌ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስታችንም ሰም ሆንን፤
ወርቁን ይፈልግ ተመልካች።

ዘምዘም ቀሚሱን ለበሰች፣ በእሷ ልክ የተሰፋ ይመስል።
«ፊቴ ግን እንዳይታይ» አለች፤ «እመቤቴ ካየችኝ፣
‹ለልብስ ሱቅ ጊዜ አለሽ› ብላ ይችን ዓርብም ቀማችኝ።»
ጋሽ ሙዘይን ተከዘ። ፊት የሌለው ምን ይሸጣል?
እኔ «ዙሪ» አልኳት። ዞረች።
ከአንገቷ ሥር ተነሣ ያ አረንጓዴ ጥልፍ፣
ትከሻዋን ወጥቶ፣ ወገቧን ዞሮ፣
እንደ ደከመው መንገደኛ ጫፉ ላይ ደርሶ ሊያርፍ።

የሙዚቃ መግዣ የለንም። «ታዲያ ዝም ይበል?» አለኝ።
«ስፋ» አልኩት። ሰፋ። ጠባቧ ሱቅም አብራ ሰፋች።
ጠክ ጠክ ጠክ፣ ትንሽ አረፍ፣ እንደገና ጠክ ጠክ።
መሐል ላይ አዛን ገባ፤
እጃችንን ሰብስበን ቆምን፣ እስኪያበቃ፤
ከዚያ ከተቋረጠበት ቀጠለ።

ማታ ለቀቅነው።
አርባ አንድ ሰው አየው፤ አሥራ አንዱ ጊዜ እኔው ነኝ።
ፊት ለሌለው ማስታወቂያ ፊት የሚሰጥ ሰው ጠፋ።
ቅዳሜ ዝም። እሑድ ዝም።
ሰኞ፣ እመቤቴ ሳትነቃ፣ ስልኩ ትራሴ ሥር ተንቀጠቀጠ።
ከሙሐረቅ ነው፤ ሴት ናት፤
እሷም ታንሾካሹካለች፣ እኔም አንሾካሹካለሁ፦

«ያ ጠክ ጠክ የናንተ መኪና ነው?
ቀሚሱን አላየሁትም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤
መብራት አጥፍቼ፣ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ፣
አሥራ አራት ጊዜ ሰማሁት።
አባቴ ሐርቡ ገበያ ሰፊ ነበር፤
ያደግሁት ከመርገጫው ሥር ነው።»
ዝም አለች። አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።
«ለመሆኑ፣ ዚፕ ትቀይራላችሁ?»

ዚፑ ግማሽ ዲናር። የወጣው ሁለት።
«ከስረናል» አልኩት ዓርብ፣ ካርቶኑን ዘርግቼ።
አልሰማኝም። ዘይት ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ፣
መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብሏል።
እጁን ያዝኩት።
«ተው ጋሽዬ፣ ዘይት አታጠጣት፤
ድምጿ ይለወጥብናል።»