የቁልፍ ቤት

ሃምሳ ዓመት የሰው ገላ ስለካ ኖሬ፣
ሜትሬን አንድ ቀን ወደ ራሴ አዙሬ፣
ቤት ልለካ ወጣሁ፤ ሳን ጃኮሞ ዳገት፣
ከትሪየስቴ ወደብ በላይ፣ በየካቲት።

የመጀመሪያው ምድር ቤት፣ ግድግዳው ያላበ፤
እጄን ሳስደግፈው መዳፌ ረጠበ።
ሁለተኛው ያምራል፤ ባሕሩ ይታያል፤
ኪራዩን ሲነግረኝ ባሕሩ ይርቃል።
ሦስተኛው አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣
መኝታው ከምድጃው ክንድ ነው የሚለየው፣
መስኮቱ አንድ ብቻ፤ ግን ወደ ምሥራቅ ነው።

«ጠባብ ናት፣ ሲኞራ» ሲለኝ እያፈረ
ደላላው፣ «አይዞህ፣ ሰፊ እኔ ነኝ» ብዬው ነገር ቀረ።

ከብብቴ አወጣሁ የቅድ ወረቀት ጥቅል፣
ሌሊቱን ቆርጬ ያደርኩትን፣ በዕቃዬ ልክ፣ በሙሉ አካል፤
ጠረጴዛዬ ወረቀት፣ ወንበሬም ወረቀት፣
አልጋዬም ወረቀት።
ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ ተንበርክኬ፣
ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፣ ቤቱን እንደ ጨርቅ ለክቼ በልኬ።
ፉልቪዮ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ፣ ስፒል ባፌ፣
ማሽኔን ከመስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ላይ አሳርፌ፣
ጠረጴዛውን አስገባሁ፤ ከአራቱ ወንበራት
አንዱ ብቻ ገባ፤ ሦስቱን አጠፍኳቸው፤ ይቅር የብዙ ሰው ራት።

የቀረው አልጋው ነው፤ የእኔና የኔሬዮ፤
«አይሆንም» በሚል ዓይን አየኝ ፉልቪዮ።
በሩን ይከለክላል። ገፋሁት፣ አዞርኩት፣
በማዕዘን ሞከርኩት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ሆነን የተኛንበት፣
ሰባት ዓመት ደግሞ ግማሹን ብቻ ያሞቅኩት።
እጄ መቀስ ያውቃል፤ እኔን ሳያማክር
ከራስጌ እስከ ግርጌ ሰነጠቀው በመሐል መስመር።
የእሱን በኩል አነሣሁ። ቀላል ነው፤ ወረቀት።
አጥፌ ከሹራቤ ሥር፣ ከደረቴ ላይ ከተትኩት።
ያን ጊዜ በሩ ወለል አለ፤ ያለ ቃል፣ ያለ ጩኸት።

ስድስት ወር ሆነኝ። እውነቱን ልናገር፤
ሽንኩርት ስጠብስ የደንበኛዬ ቀሚስ ይሸት ነበር፤
አሁን ማክሰኞ ጥብስ፣ ረቡዕ ስፌት፤
ቤት ሲጠብ ቀን ማስፋት ነው፣ ሌላ የለም ብልሃት።

እንግዳ ሲመጣ ከዝዴንካ እዋሳለሁ ወንበር፤
እሷ ደግሞ የእኔን መጥበሻ፣ አንዳንዴም ስኳር፤
ዕቃው ሲወጣ ሲወርድ፣ እኛም አብረን ስናወራ፣
ደረጃው ሳሎን ሆነ፤ ማንም ኪራይ የማይጠይቅበት ሥፍራ።

ቦራ ከተራራው ወርዶ ከተማውን ሲያላጋ፣
በድሮው ቤቴ እሮጥ ነበር ስድስት መስኮት ልዘጋ፤
አሁን አንድ እጅ ይበቃል፤ ሌላው እጄ ሻይ ይዟል፤
ነፋሱም ተናዶ ያልፋል።

ልጄ ሎሬዳና ከሚላን ደወለች፤
«አይጨንቅሽም ወይ?» አለች።
«ልብስ ሲሰፋ ነው ብርድ የሚገባው» አልኳት።
ያልነገርኳት አለ። አንዳንድ ሌሊት
እጄ በእንቅልፍ ልቡ ወደ ግራ ይዘረጋል፤
ግድግዳ ይነካል።
ግድግዳው ይቀዘቅዛል።
ይሁን።

ማታ ማታ አራቱን ፎቅ ወጥቼ፣ እያለከለክሁ፣
ከክርና ከጠመኔ መሐል ቁልፌን እፈልጋለሁ።
በሰው ደረት ላይ ስንት ቁልፍ ተከልኩ፤ አልቆጠርኩም፤
የአንዱንም ቤት አላሰፋሁም፤
የቁልፍ ቤት ጠባብ ነው፤ ካልጠበበ አይይዝም።

ያ የአልጋ ግማሽ፣ ያ ያጠፍኩት ወረቀት?
እስከ ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ከሜትሬ በታች።
የዝዴንካ የልጅ ልጅ ካፖርት አማረውና
ቅዱን በእሱ ላይ አወጣሁ።
ትከሻው ልክ ሆነ።
እጅጌው ትንሽ ረዘመ፤
ግድ የለም፤ ልጅ ነው፤ ያድጋል።