ከበሩ ማዶ

ከአውሮፕላን ወርጄ፣ ወላፈኑ ፊቴን ሲልሰው፣
ሻንጣዬን ቀድሞኝ ያዘው ክራቫት ያሰረ ሰው።
«ጌታዬ፣ ይግቡ፣ ታክሲ ነው» አለና ዋጋውን ጠራ፤
በዚህ ብር ጅግጅጋ ደርሼ አልመለስም ወይ በተራ?

ዘበኛዋን ጠየቅኋት።
«ሚኒባሱ የሐረር ነው፣ ካልሞላ አይነሳም፤
ባቡሩም ጣቢያው ሸሽቶናል፣ በእግር አይደረስም።
ባጃጅ ግን...» አለች በአገጯ። ከበሩ ማዶ፣ ኒሙ ስር
(ለነሱ መግባት ክልክል ነው)
ጥላ ተሻምተው ቆመዋል በድርድር።

ነስረዲን ይባላል።
ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።
«ና ግባ፣ አንተ!» አለኝ፤
ረስቼው ኖሯል፣ ድሬ አንቱታ አያውቅም።

ሃያ ዓመት በቢሮዬ ሲነሱልኝ፣ ሲያጎነብሱልኝ ኖሬ፣
በሦስት ጎማ እያነጠረች ልጅ አደረገችኝ ድሬ።

ደቻቱ ደርቆ፣ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ሲለጉ፣
«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ ዞሮ፣ መሪውን ይዞ ባንድ እጅ፤
ነገርኩት የአባቴን ስም፣ የምድር ባቡሩን በያጅ።
«አላውቀውም» አለና ሣቀ።

መጋላ ደረስን። ሂሳብ ስለው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ፣
ጠራልኝ፣ ምንም ሳያፍር፣ ያንኑ የባለ ክራቫቱን ዋጋ።

«አንተ ሌባ!» አልኩት።
ከፈልኩት።