ቀዩ ወንዝ

ቀዩ ወንዝ ረግቷል ከዳር እስከ ዳር፤
ዊኒፔግ ላይ ጥር ማለት ይኸው ነው ነገር።
እኔም ተንበርክኬ ከክሊኒኩ ወለል ላይ
የግራ እግሩን ያዝኩ፣ ትር ይል እንደሁ ላይ።

«ቀለበቱስ የታል?» ሬይመንድ ላቫሌ ይስቃል፤
እዚህ አገር የተንበረከከ ሊያጭ ነው ይባላል።
በኔ ቋንቋ ግን እግር የያዘ ይለምናል።
መለመኑንስ ለመንኩ፤ እሱን ግን አይደለም፣
የጠቆረች ትንሽ ጣቱን፦ «ባክሽ፣ አትሂጂ የትም።»

ብሎን ነበረች መነሻዋ፣
ከቦቲው ውስጥ የተረሳች፣ ጥፍር የምታህል በቁመቷ።
ሦስት ቀን ሙሉ ረገጣት፤ እግሩ አልነገረውም፣
ስኳሩ ቀድሞ አፉን ለጉሞታል፣ «ኧረ አመመኝ» አይልም።
የልጅ ልጁ ዳኔል ናት ካልሲው ላይ ደም ያየች፤
እሱ ሆኪውን ያያል፣ እሷ እየጮኸች።

የናይለኑን ክር ከውስጥ እግሩ ሳስነካ
«መቼ ነው የምትጀምሪው?» ይለኛል፤
ጨርሼ ኖሯል ለካ።

ቁስሉን አጥባለሁ፣ የሞተውን ሥጋ እቆርጣለሁ፣
ፋሻ እለውጣለሁ፤
ታዲያ ደም ካልወረደለት በምን ሥጋ እተካለሁ?
ጄል ቀብቼ የዶፕለሩን ብዕር አስጠጋሁ፣
ከቁርጭምጭሚቱ ግርጌ ነፋስ ብቻ ሰማሁ።

ማክሰኞ በብሽሽቱ ቀጭን ሽቦ ሰደዱ፤
ጫፉ ላይ ፊኛ አለ፤ ነፉት፤ ተከፈተ መንገዱ፣
ሴልከርክ አጠገብ በየካቲት
ማሽኖቹ የወንዙን ግግር እንደሚንዱ።

ጣቷ ግን ልመናዬን አልሰማችም። ተቆረጠች።
«ዘጠኝ አሉኝ፣ ምን ቸገረኝ፣ አንዷ ብትቀር» አለ፤
ከዚያ መስኮቱን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

በወጣትነቱ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበረ።
«ጆሮዬን ከሀዲዱ ላይ ሳሳርፍ» ይል ነበረ፣
«መብራቱ ገና ሳይታይ አውቀዋለሁ መምጣቱን።»
ዛሬ የዶፕለሩን ሳጥን ከእጄ ቀማኝ፣
ጆሮው ላይ ለጠፈና ጨፈነ ሁለት ዓይኑን።

ሹው... ሹው... ሹው...

«የጭነት ነው» አለኝ፤ «ብዙ ፉርጎ ነው የሚስበው።
ዘግይቷል። ግን መጣ። እየሰማሽ ነው?»
እየሰማሁ ነው።

ዳኔል በሩ ጋ ቆማ
አዲሱን ጫማ ገልብጣ ታራግፋለች።
ምንም አይወድቅም።
እጇን እስከ ጫፉ ሰዳ ትዳብሳለች፣
አሁንም ታራግፋለች።