የደላላዋ ደብተር

ኮዬ ማዞሪያ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣
ቤት የሚያሻሽጠው መንጋቱ ያየኛል፤
"እህት፣ አንቺም ደላላ ነሽ እንዴ?" ይለኛል።
ደብተሬን አይቶ ነው፤
ስልክ ቁጥር፣ ብሎክ ቁጥር፣ ቀን በቀን ላይ የተደረበበት፣
በላስቲክ የታሰረ፣ የአምናው ዝናብ የጠጣበት።
አዎ፣ አልኩት፣ አገናኝ ነኝ፤
አንዱን ካንዱ አድርሼ ኮሚሽን የማላገኝ።

ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ኦብሴ ትኖራለች። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር ቀርቷታል።
ዳዴ አላለችም። አፏን አልፈታችም።
አንገቷም የጠናው ዘግይቶ ነው።
እጇ ግን የጀሪካን ክዳን ይወዳል፤
ቢጫውን ከሰማያዊው ለይታ ትደረድራለች፣
አንዱን ብትደብቅባት ትፈልጋለች።

ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ነው፤
"አባቷም በአምስት ዓመቱ ነው ያወራው።"
"ዓይን ነው።" "ጸበል ውሰጃት።"
"ምን አስቸኮለሽ ጂቱ፣ ይደርሳል።"
ይደርሳል።
ይህን ቃል እፈራዋለሁ፤
ታክሲውም ይደርሳል፣ ወረፋውም ይደርሳል፣
የልጅ ዕድሜ ግን ቆሞ አይጠብቅም፣ በጎን ያልፋል።

ማክሰኞ፣ ጤና ጣቢያ። ሲስተር የውብዳር ሪፈር ጽፋለች፤
ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣
ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል።
ረቡዕ፣ ፊዚዮቴራፒ። ሁለት ታክሲ፣ አንድ ባስ፤
ቀን አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ደወልኩላት፤
"ሐሙስ? ሐሙስ እኮ ውኃ ይመጣል" አለችኝ።
ውኃው በሳምንት አንዴ፣ ሐኪሙም በሳምንት አንዴ።
ሥራዬ እንግዲህ ይሄ ነው፤
ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ትርንጎን መለመን፣
የጂቱን ጀሪካኖች ከራሷ ጋር እንድትሞላ፤
ይህንንም በእርሳስ መጻፍ፣
ነገ መሰረዙ አይቀርምና።

የጆሮ መመርመሪያው ተበላሽቷል፤
"መለዋወጫ ታዟል" ካሉኝ ሁለት ወር።
የንግግር ባለሙያዋ ለስንት ሰፈር አንድ ናት፤
ከመንገድ ላይ ድምፅ ትልክልኛለች፤
"ክዳኑን ስትሰጣት እናቷ ስሙን ትጥራ፤
ከዚያ ዝም ትበል። እስከ አሥር ትቁጠር። አትፍራ።"
ጂቱ ቆጠረች፣ እኔም በሆዴ።
አሥር እንዲህ ሩቅ አገር መሆኑን አላውቅም ነበር።
አባቷ ገረሱ በሩ ላይ፣
የማይሰማ መስሎ፣ ከጀርባው በጣቱ ይቆጥራል።

መቆሚያ ያስፈልጋታል ተባለ። ገበያው አያውቀውም።
አናጢው ኦቦ ቡልቻ
ሲሚንቶው ካልተፋቀ የፎርማ ሳንቃ ሊሠራላት፣
እንደ በር ለካት፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት።
"ይሄ ሁሉ ፎቅ የአባቴ ጤፍ ማሳ ነበር" አለ፣
ምስማር በከንፈሩ እንደነከሰ፤
"ስንት ሺህ በር ገጠምኩበት። ለመቆሚያ ስሠራ
ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"
ማሰሪያው የተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ሆነ።
ለዋጋው ቢጠየቅ፣ መጋዙን ማጽዳት ጀመረ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ቀጠሮ የሌለበት፣
እኔ ስለ ማኅተሙ ወረፋ ላይ ሳለሁ፣
ስልኬ ጮኸ።
የጂቱ ድምፅ አልነበረም፣ የደረጃው ሁሉ ነበር፤
ጀሪካን ይንጓጓል፣ ሰው ይስቃል፣
ትርንጎ እየጮኸች፤ "ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!"
ከመቆሚያው አውጥተዋት ኖሯል፣ ያለ ማሰሪያ።
ገረሱም አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በቋንቋው፤
"ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉ..."

አፉር ሊል ነበር። አፉ ላይ ኔትወርክ ሄደ።
አፉ፤ ያልተፈታው እሱ ነው፣
የሚቀጥለው ሥራችን።

አላየኋትም።
ከእርሳሱ ይልቅ እስክሪብቶ ፈለግሁ፣
ከፊቴ ካለች ሴት ተውሼ፣
በሐሙስ አጠገብ ጻፍኩ፤ ሦስት ከግማሽ።
ከኋላዬ ያሉት ሰውዬ ትከሻዬን ነኩኝ፤
"ግቢ እንጂ ልጄ፣ ተራሽ ደርሷል።"

ባሮክ፣ ብሎክ ዘጠና አንድ፣ ዓመት ከአራት ወር፣
ስሙን ሲጠሩት የማይዞር፣
ቀጣዩ ገጽ ላይ ነበር።