ዛፍ ነበር፣ እንጨት ሆነ

ናዝሬት፣ ከኮረብታው፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት፣
ማቀዝቀዣው ሲነፍስ ጥርስ እንደሚያፋጭ ክረምት፣
በሰዓት የሚከፈለኝ የሰው ቃል ተሸካሚ፣
ቆሜያለሁ ከምስክሩ ጎን፤ አስተርጓሚ።

ክሱ ረጅም ነው፤ ሰባት ክላሰር ሞልቷል።
መንግሥት ለኤሌክትሪክ ድጎማ ይሰጣል፣
የሚነደው እንጨት ውዳቂ ከሆነ፣
የመጋዝ ብናኝ፣ ቅርፊት፣ በፀሐይ የመነመነ።
አረንጓዴ ይባላል፤ አረንጓዴ ገንዘብ አለው፣
በኪሎዋት ሰዓት፣ በአጎሮት የሚቆጠረው።

ከሳሾቹ ከሚግዳል ሀኤሜቅ፣ ከማመንጫው ማዶ የሚኖሩ፣
የተሰጣ ልብሳቸው ጢስ ጢስ ሲል ያደሩ፤
«ውዳቂ አይደለም» አሉ፤ «ጫካችን ነው የነደደው፣
የቆመ ቆርጦ ነው ኩባንያው ድጎማ የወሰደው።»

ዛሬ የምስክር ቀን ነው። ጓዴ ማለደ ይባላል፤
ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ጫካ መጋዝ ይዟል።
ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለም፤ አልጠየቁትም።
(እኔም ያልተጠየቀ አልተረጉምም።)

የኩባንያው ጠበቃ፣ ወጣት፣ ጫማው የሚያበራ፣
«የጫንከው ምን ነበር?» አለው፣ «በዚህ በካርታው ስፍራ?»
«ዛፍ ነበር» አለ ጓዴ፤ «እኛ ደረስንና እንጨት ሆነ።»
ሚስማር እንዳገኘ መጋዝ፣ ምላሴ ባለበት መከነ።

በዕብራይስጥ ሁለቱም «ዔጽ» ናቸው፤ የቆመው፣ የተፈለጠው፣
ወፍ ያረፈበትም፣ እሳት የበላውም፣ ጠረጴዛ የሆነው።
(የኛም ግዕዝ «ዕፅ» ይለዋል፤ ዘመድ ቃል ነው፣ ያንኑ ይላል፤
አማርኛ ግን ከለያቸው ቆይቷል፤ መሃላቸው ምሳር ይውላል።)

አልኩ፦ «ዔጽ ነበር፤ እኛ ደረስንና ዔጽ ሆነ።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ታዲያ ምኑ ተለወጠ?»
ጓዴ አንገቱን አስግጎ እኔው ላይ አፈጠጠ።
«ምን አልሽው?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያልከውን።» «ያሳቀው ምን አለ?»
(ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ፤ ደንቡ እንዲያ ስላለ።)

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፤ ቆየች ጥቂት።
«በአማርኛ ሁለት ቃል ነው?» «አዎ፣ ክብርት ሆይ፤ ሁለት።»
«ንገሪኝ።» ነገርኳት። በእርሳስ አሰፈረች፦
«ዛፍ»፣ በዕብራይስጥ ፊደል፤ ከሥሩም አሰመረች።

«ሕጉ የተጻፈው በእኛ ነው፣ በአንድ ቋንቋ፤
ያላየው ቃል አይገዛውም» ሲል ተነሣ ያው ጠበቃ።
ቀኑ ሄደ በእርጥበት መቶኛ፣ በግንድ ስፋት፣
በየትኛው ሚኒስቴር ፊርማ፣ በየትኛው ዓመት።
«ከበዓላት በኋላ» ተባለ። ሁሉ ነገር እዚህ አገር
ከበዓላት በኋላ ነው፤ ከእሳት በስተቀር።

ወጥተን ደረጃው ላይ፣ ጓዴ አገጩን ቁልቁል ዘርግቶ
አሳየኝ ሸለቆውን፤ ነጭ ጢስ፣ ቀጥ ብሎ፣ ተነሥቶ።
«አደረስሽልኝ?» አለኝ። «አንዱን» አልኩት። «የቱን?»
«የቆመውን።» ራሱን ነቀነቀ፤ ፈታ የኮቱን
ቁልፎች፣ በሦስት ጣቱ፣ አንድ በአንድ።
ውጭው ምድጃ ነበር።