ሁለት ሰከንድ

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ አባርቶ ሳለ፣
ከሂርማታ ወጣን፤ አይሱዙው አዘለ
ሦስት የቻይና ሳይክል፣ አንድ የጎማ መንፊያ፣
ሙዝ በፌስታል ሙሉ፣ አንዲትም መጥረቢያ።
ሾፌሩ ይስቃል፦ «አስፋልት ሞልቶላችሁ
በዚያ ጫካ መሃል ምን አንከራተታችሁ?»
አንመልስለትም። ነጂብ ሰዓት ያያል፣
እኔን የበየድኩት ፎርኬላ ያሰጋኛል፣
ሙዘይን ዝም ብሎ ትከሻውን ይዟል።

ሸቤ ሳንደርስ ወረድን፣ ከሰሌዳው አጠገብ፤
ዝገት ሁሉን በልቶ አንድ ቃል ሲነበብ፦
«በለጠ»።
የጫካው ስም ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።
ሙዘይን ግን ቆሞ «ማን ማንን?» ይላል።

መንገዱ የኛ አይደለም፤ ስንቱ አለፈበት፣
የኮረሪማ ነጋዴ በቅሎ የነዳበት፣
ከበቅሎው በፊትም ጎሽ ውሃ የወረደበት፣
ከጎሹ በፊትስ? እንጃ፤ ጎርፍ ይሆናል መጀመሪያ የሄደበት።
እኛ የጨመርነው
የጎማ ጥርስ ብቻ ነው፤
እሱንም ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ ያብሰዋል።

ቀረሮው ቀጥ ብሎ አንገት ያሳምማል፣
ዝግባው ሽበት አብቅሎ ጆሮውን ደፍኗል፣
ጉሬዛ ከነካባው ቅርንጫፍ ሞልቶታል፣
ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ዝም ብሎ ያየናል።
ከዚያ መሬቱ ያዘነብላል።

ፍሬን ለቀቅ።
ድንጋይ፦ ዝለል።
ጭቃ፦ ተወው፣ ይንሸራተት።
ሐረግ፦ አንገት ደፋ።
ካቴናው ይንጫጫል፣ ዓይን ያነባል፣ ቅጠል ፊትን በጥፊ፣
ሆድ ወደ ጉሮሮ፣ የገዛ ስም እንኳ ይጠፋል፤
ሥር።

ያቺ ሥር ናት።
ከቀረሮው እግር ወጥታ መንገዱን ያቋረጠች፣
የሰው ጭን የምታህል፣ በሰኮና ብዛት የለሰለሰች።
በጥቅምት እዚሁ ጋ ሳይክሉ ብቻውን ደረሰልን፣
ጎማው እየዞረ፣ ሙዘይን የሌለበት።
ትከሻው እንደ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ነበር።
ወጌሻው አርባ ቀን አሰረው፤
አርባ ቀን ሙሉ እሱ ይቺን ሥር አሰባት።

ከጀርባው ሻንጣ መጥረቢያዋን አወጣ።
«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ዛፉ።

ሙዘይን መጥረቢያዋን ደበቀ፤
ነጂብ ቢስሚላሂ አለ፤ እኔ ወደ ላይ አየሁ፦
አባ ጮብሳ በገመድ ተንጠልጥለው ቀፎ ይሰቅላሉ፣
አንድ እግራቸው ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ።
«ሥሩን ልንቆርጥ ነው። ያሰናክለናል።»
«ቢቆረጥስ?»
ነጂብ ሰዓቱን አየ፦ «ሁለት ሰከንድ እናተርፋለን።»
«ሁለት ምን?»
«ሰከንድ።» ጣቱን ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ።
«ይህቺኑ?»
«ይህቺኑ።»
ሽማግሌው ሳቁ፤ ገመዱ ተወዛወዘ፣
የረጠበ ቅጠል ራሳችን ላይ ረገፈ፦
«እሺ፣ አተረፋችኋት እንበል፤
የት ታስቀምጧታላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። ሙዙን አካፈልናቸው።
ከዛፉ ሲወርዱ መጥረቢያዋን አዩአት፣
ስለቷን በአውራ ጣት ቀስ ብለው ነኩአት፣
«ለችካል ትሆናለች፤ ነገ እመልሳለሁ» ብለው ወሰዷት።
ያ ነገ ሦስት ወር አለፈው። አልጠየቅናቸውም።

አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ካላማደሪያ ስለጥፍ፣
ሁለቱን ሰከንድ ቦታ እፈልግላቸዋለሁ፦
ከሙጫው ቆርቆሮ ሥር፣ ከመፍቻው ሳጥን ውስጥ፣
ከአሮጌ ራጂ ጋር ጣሪያው ላይ ባንጠለጥላቸው…
ደንበኛ ይመጣል፣ እረሳቸዋለሁ።

አሁን ያቺ ጋ ስንደርስ እኔና ነጂብ እንወርዳለን፣
ሳይክሉን እንደ ታመመ በግ ትከሻ ላይ አድርገን
እንሻገራለን።
ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ነጂብ ሰዓቱን አያይም።

ሙዘይን አይወርድም።
ባለፈው ቅዳሜ ከላይ እየተምዘገዘገ መጣ፣
የፊት ጎማው ሥሯን ሳይነካ አለፈ፣
የኋላው ነካት።
ጭቃ ላይ ተዘርሮ አገኘነው፣ ሽቅብ ቀረሮውን እያየ፣
ከፊቱ ጥርሱ ብቻ ነጭ።
«በለጠ» አለ።
ማን ማንን እንደሆነ
አልጠየቅነውም።