ቀዛፊው

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከምሠራበት ቤት፣
ቁልፍ ከምሰጥበት፣ ከእንግዶች መግቢያ ፊት፣
«ቅድሚያ ይከፈላል» ከሚል ጽሕፈት ሥር
አንድ ሥዕል ነበር።
እትዬ ጥሩአየ ከሐራጅ ያመጣችው፤
ፍሬሙን ወዳ እንጂ፣ ሥዕሉን መች አየችው!

ባሕር ማዶ ነው አገሩ፤ መንገዱ ሁሉ ቦይ።
ቤቱ ሁሉ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣
ደጃፉ ላይ ታንኳ እንደ በቅሎ ታስሮ፣
ከድልድዩ ወዲህ አንድ ቀዛፊ ቆሞ፣
ፊቱ ጤፍ የምታህል፣ ባርኔጣው ዘምሞ።
ሠዓሊው ከሞተ ስንት ዘመን ሆነው፣
ይህ ግን እስከ ዛሬ ድልድዩን ሊያልፍ ነው።

እንድሪስ ጫኔ፣ ከደንገል የክንድ ታንኳ ሠርቶ፣
ለቱሪስት እንድንሸጥለት በጆንያ ከቶ፣
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል።
ከሥዕሉ ፊት ይቆማል፣ ዋጋ እንደሚከራከር፦

«ቆሞ ይቀዝፋል እንዴ? ነፋስ የለም አገሩ?
ፍየልስ ቢኖራቸው የት ይሆን የሚያስሩ?
ደንገል አያበቅልም፤ ታንኳው ከእንጨት ነው፤
አንዴ ከሰጠመ ማን መልሶ ሊያወጣው!»

«በውሃ ነው የተሣለ» አልኩት አንድ ቀን።
«ውሃው በውሃ?»
«አዎ።»
«ታዲያ ያ ውሃ የት አለ?»
«ደረቀ።»

ዝም አለ። በመስኮቱ ወደ ጣና አየ።
አባቱ ደንገል ያጨደበት ዳርቻ
ዛሬ የሆቴል አጥር፣ የድንጋይ ካብ ብቻ።
«ታንኳም እንዲሁ ነው» አለኝ ቆይቶ ቆይቶ፣
«ይከብዳል ሲውል ሲያድር፣ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ፤
ካላደረቅኸው ያው ነው፣ ይበሰብሳል ተኝቶ።»

ሐምሌ በገባ ሳምንት ጣሪያው አፈሰሰ።
ጠብታው በመስታወቱ ስንጥቅ ሾልኮ
ከተማዋን ዳሰሰ።
ሲነጋ ሳየው
ሰማዩ ቤቶቹ ላይ ወርዷል፣
ቦዩ ከፍሬሙ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይሄዳል፤
ውሃ የቆየ ዕዳውን ሊያስከፍል የመጣ፣
ያውም «ቅድሚያ ይከፈላል» ከሚል ጽሕፈት ሥር።
«ጣለው» አለች እትዬ፤ «ፍሬሙን ግን አስቀር።»

እንድሪስ ወሰደው።
ከደንገሉ ጎን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤
ደመና ሲመጣ ሮጦ እያስገባው፣
ዝንብ ሲያርፍበት እፍ እያለ።
በአራተኛው ቀን፣ እንደ ደረቀ ቂጣ ተጣሞ፣
በሁለት እጁ ይዞልኝ መጣ።

ቤቶቹ አሉ፣ ደብዝዘው።
ድልድዩም አለ።
ታንኳዋ የለችም። ቀዛፊው የለም።
በነበረበት ቦታ ባዶ ወረቀት፣ ነጭ።

«ቀለሙ ለቆ ነው» አልኩት።
«አይ» አለኝ፣
ጣቱን ከድልድዩ ወዲያ፣ ከጠርዙ ላይ አሳርፎ፤
«ሄዷል እንጂ ሰውዬው፣
ድልድዩን አልፎ።»